ወንዝ ዳር የምትጮኸዋ የዛፍ እንቁራሪት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወጨጫ ተራራ ሥር ነው፣ ወደ ሱባ ደን መሄጃው ላይ። ክረምት በገባ ቁጥር ማታ ማታ ቦቲ አድርጌ ባትሪ ይዤ ጅረት ዳር ስዞር የሚያየኝ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ከከተማ ለሃይኪንግ የሚመጡ ልጆች ይጠይቃሉ፣ በቴሌግራም ፎቶ ልከው "ይቺ ደሞ ምንድናት" የሚሉም አሉ። ጥያቄው በየዓመቱ ስለሚመሳሰል አንድ ላይ ሰብስቤ መለስኩት።

የዛፍ እንቁራሪት እኛ ሀገር አለች እንዴ?

አለች፣ ያውም አንድ አይነት ብቻ አይደለችም። እንቁራሪት ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ኩሬ ውስጥ የምትንጫጫዋ ወይ ደሞ ማታ በር ላይ መብራት ሥር ቁጭ ብሎ ነፍሳት የሚለቅመው ጉርጥ ነው። የዛፍ እንቁራሪት ሌላ ናት። ቆዳዋ ለስላሳ ነው፣ ዓይኗ ለፊቷ ትልቅ ነው፣ የጣቶቿ ጫፍ ክብና ጠፍጣፋ ስለሆነ እርጥብ ቅጠል ላይም ግንድ ላይም ተጣብቃ ትወጣለች። የኛዎቹ ሌፕቶፔሊስ ከሚባለው ወገን ናቸው፣ ይሄ ወገን ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ ውጪ የትም የለም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ካሉት ዝርያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከኢትዮጵያ ውጪ የሉም።

ፌስቡክ ላይ የምትታየዋ ቀይ ዓይን ያላት አረንጓዴዋ ናት ወይ ለሚለው፣ አይደለችም፣ እሷ የመካከለኛው አሜሪካ ናት። የኛዋ እንደሷ ደማቅ ቀለም የላትም፣ ግን ቀረብ ብሎ ላያት ሰው በጣም ቆንጆ ናት። አንድ ጊዜ ጅረት ዳር ሐረግ ላይ ያገኘኋት መዳፌ ላይ ራሷ ዘላ ወጣችና ብዙ ደቂቃ ሳትንቀሳቀስ ቆየች፣ ባትሪውን ወደ ጎን አዙሬ ዓይኗን ሳይ ብሌኑ እንደ ድመት ብሌን ቀጥ ብሎ የቆመ ስንጥቅ ነው፣ ጉሮሮዋ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፣ እግሯ ደግሞ በጣም ቀዝቃዛ ነው ግን አያንሸራትትም፣ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ተለጥፎ ሲነሳ ይሰማሃል። ይሄ የብሌን ነገር ሌፕቶፔሊስን ለመለየት አንዱ ምልክት ነው።

የደኗ የትኛዋ ናት፣ ስሟስ ከየት መጣ?

ደን ውስጥ ጅረት ዳር የምትኖረዋ በሳይንሱ ሌፕቶፔሊስ ራጋዚ ትባላለች። ስሙ ቪንቼንዞ ራጋዚ ከሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም የመጣ ነው፣ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የሚባለው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ ላይ ነበር የሚሠራው፣ እግረ መንገዱን እንስሳ እየሰበሰበ ይልክ ነበር። ለንደን ያለው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ጆርጅ ቡሌንጀር በፈረንጆቹ 1896 አዲስ ዝርያ ናት ብሎ መዘገባት፣ የተገኘችበት ቦታ ሸዋ ተብሎ ነው የተጻፈው።

ይሄን የማነሳው ለምንድነው፣ ብዙ ሰው ከውጪ የመጣች ወይ ሩቅ ጫካ ውስጥ ያለች ብርቅ ነገር ስለሚመስለው ነው። ለሳይንስ የታወቀችው እዚሁ ሸዋ ላይ ነው። ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ፣ የኛ የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር ተተከለ ይባላል፣ ወፍ ዋሻ ደግሞ ያው አንኮበር አካባቢ ነው፣ ማለትም የደኑ ዘርም የእንቁራሪቷ ስምም ከአንድ አካባቢ የመጡ ናቸው።

የት ሄጄ ነው የማያት?

ከባህር ወለል በላይ ከ1900 እስከ 3100 ሜትር ገደማ ባለው ደጋ፣ ከስምጥ ሸለቆ በግራም በቀኝም ባሉት ደኖች ውስጥ ነው የምትኖረው። ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥም አለች። አሁን ከፍታውን ብቻ ብናይ አዲስ አበባና ዙሪያዋ፣ ቡራዩም ሱሉልታም ሰበታም የእንጦጦ አብዛኛው ክፍልም፣ በሙሉ እሷ የምትኖርበት ከፍታ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ የጎደለው ከፍታ ወይ ብርድ አይደለም፣ ደኑ ነው። የተራቆተ ደን ውስጥ እንኳን ጥቂት ዛፍና እርጥብ ጥላ ካገኘች ትቆያለች፣ ጭራሽ ሲመነጠር ግን የለችም።

ደን ስትገባ ትልቅ ወንዝ አትፈልግ። ትንሽ ጅረት፣ ከምንጭ የሚወርድ፣ ዳር ዳሩ ላይ ሐረግና ችምችም ያለ ቁጥቋጦ ያለበት፣ ጭቃው ለስላሳ የሆነ ቦታ ነው። ከደረት በታች ያለውን ቅጠል ነው ማየት ያለብህ፣ ሰው ዛፍ ሲባል አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ላይ ያያል፣ ብዙ ጊዜ ግን ከጉልበት ብዙም ከፍ ሳትል ነው የምትገኘው።

እኔ ድንች ስቆፍር ከአፈር ውስጥ እንቁራሪት ወጣብኝ፣ እሷ ናት?

ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል! እሷ የአክስት ልጅ ናት በለው። ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ የምትባል አለች፣ ስሟ "የሳር" እንደማለት ነው፣ እንግሊዝኛው ስሟ የዛፍ እንቁራሪት ይላታል እንጂ ዛፍ ላይ አትወጣም፣ አፈር ውስጥ ነው ቆፍራ የምትገባው። ሳር ሜዳ፣ እርሻ ዳር፣ ግጦሽ መሬት ላይ ትኖራለች፣ እስከ 3900 ሜትር ድረስ ትወጣለች። የኛ ሰፈር ሰው "ከመሬት የምትወለድ እንቁራሪት" የሚላት እሷን ነው፣ ምክንያቱም ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲርስ ድንገት ከአፈሩ ብቅ ትላለች።

የጎረቤቴ እማማ ጓሮ ውስጥ አብሬያቸው ጎመን ስኮተኩት አንዷን በመኮትኮቻው ለትንሽ ነው የሳትኳት። አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች፣ ልክ በሷ ልክ የተሠራ ጉድጓድ ውስጥ፣ እግሯን ሰብስባ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች፣ የጉድጓዱ ግድግዳ በሰውነቷ ተልጎ ለስልሷል። እማማ "ተዋት ልጄ፣ ቤቷ ነው" አሉኝና አፈሩን መልሰው በእጃቸው አለበሷት።

ሁለቱን ለመለየት ጣቷን እይ። የደኗ የጣቶቿ ጫፍ ሰፋ ብሎ ክብ ነው፣ የሳሯ ግን ቀጠን ያለ ነው፣ ሰፊው ክብ ጎልቶ አይታይም። በቀለም ለመለየት አትሞክር፣ ሁለቱም አረንጓዴም ቡናማም ይሆናሉ፣ ነጠብጣብም ሊኖራቸው ይችላል። ደሞ ይታወቅ፣ የሳሯ አንድ ዝርያ ብቻ ናት ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲቆጠር ቆይቶ በቅርብ ዓመታት ዲኤንኤ ሲታይ በየተራራው ያሉት የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ነው የተገኙት፣ ስለዚህ ፎቶ ስትለጥፍ ያነሳህበትን ቦታ ጻፍ፣ "አንድ ጫካ ውስጥ" ማለት አይጠቅምም።

እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ነው የምትጥለው?

አይደለም፣ እና ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው እንዲያውቅልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

ትምህርት ቤት የተማርነው እንቁራሪት እንቁላሏን ውሃ ላይ ትጥላለች፣ እንደ ዝልግልግ ነገር ተንሳፎ ይታያል የሚለውን ነው። ብዙዎቹ እንቁራሪቶች እንደዚያ ናቸው። ሌፕቶፔሊስ ግን እንቁላሏን ከውሃው አጠገብ ያለው እርጥብ አፈር ውስጥ ነው የምትቀብረው። ወንዱ ጀርባዋ ላይ እንደወጣ ሴቷ በኋላ እግሯ ጭቃውን እየገፋች ትገባለች፣ እንቁላሉን አፈር ውስጥ ትጥልና አልብሳው ትሄዳለች። እንቁላሉ ትልልቅ ነው፣ አስኳል የበዛበት፣ ምክንያቱም ፅንሱ ምግቡን ይዞ ነው አፈር ውስጥ የሚቆየው። አፈሩ መድረቅ የለበትም፣ በውሃ መጥለቅለቅም የለበትም፣ እርጥበቱ ልክ መሆን አለበት። ከዚያ ዝናቡ ሲበረታ፣ ውሃው ሞልቶ ዳሩን ሲነካ፣ እጮቹ ይፈለፈሉና ጅራታቸውን እያወዛወዙ በጭቃው ላይ ተንሸራተው ጅረቱ ውስጥ ይገባሉ። ቀሪውን እድገታቸውን ውሃ ውስጥ ይጨርሳሉ፣ እግር ያወጣሉ፣ ጅራታቸው ይጠፋል፣ ወደ ቅጠሉ ይወጣሉ።

ይሄ ማለት ምን ማለት ነው፣ ውሃው ንፁህ ሆኖ ዳሩ ከተበላሸ እንቁራሪት የለም ማለት ነው። ከብት ዳሩን ረግጦ እንደ ሲሚንቶ ካጠነከረው እንቁላል የሚገባበት የለም። ሰው "ወንዙን አልነካነውም፣ ዳሩን ብቻ ነው የጠረግነው" ሲል በጣም የምናደደው ለዚህ ነው፣ ዳሩ ነው እኮ ቤቷ፣ የዘንድሮውን እንቁላል አብረህ ነው የጠረግከው።

ማታ የሚሰማው ጩኸት የሷ ነው?

ሁሉም ድምፅ የሷ አይደለም። ሜዳ ላይ ውሃ ሲቋጥር በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ሳያቋርጡ የሚንጫጩት ብዙ ጊዜ ትንንሾቹ የሳር እንቁራሪቶች ናቸው፣ ፕቲካዴና የሚባሉት፣ ቅድም አፈር ትቆፍራለች ካልናት የሳሯ ሌላ ናቸው። የሌፕቶፔሊስ ድምፅ አጭርና ደረቅ ነው፣ አንዴ ቋ ይልና ዝም፣ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፣ ከዚያ ከሌላ ቦታ ሌላው ይመልሳል። ለዚህ ነው ማግኘት የሚከብደው፣ ወደ ድምፁ ስትሄድ ዝም ይላል፣ ባትሪህን አጥፍተህ ቆመህ መጠበቅ ነው ያለብህ፣ ብርዱ ይገባሃል ግን መጠበቅ ነው። የሚጮኸው ወንዱ ነው፣ ሴት ፍለጋ ነው፣ ወንዱ ደግሞ ከሴቷ በደንብ ያንሳል።

ጥሩ ሰዓት ቀን ዘንቦ ማታ ካፊያ ሲሆን ነው። ጨረቃ ደምቃ ነፋስ ካለ እኔ በበኩሌ ከቤት አልወጣም።

በበጋ የት ነው የምትሄደው?

የትም አትሄድም። ቅዝቃዜና እርጥበት ያለበት ቦታ ትደበቃለች፣ አፈር ውስጥ፣ የበሰበሰ ግንድ ሥር፣ የቅጠል ክምር ውስጥ። ታኅሣሥና ጥር ላይ የወደቀ ግንድ ለማገዶ ስትጎትት ሥሩን እይ፣ ካለች ግንዱን ቢያንስ እስከ ዝናቡ ድረስ ተውላት።

መርዝ አላት? ልጄ በእጁ ነክቷታል

አትጨነቂ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ይብላ፣ በቃ። ማንኛውንም እንቁራሪት ነክቶ ዓይንን ማሸት ግን ጥሩ አይደለም ምክንያቱም ከቆዳቸው የሚወጣው ነገር ሊያቃጥል ይችላል። እጅ ላይ ኪንታሮት ታወጣለች የሚባለው ልክ አይደለም፣ የቆዳ ኪንታሮት ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ ነው የሚመጣው። እንዲያውም ጉዳቱ የሚብሰው በእሷ ላይ ነው። እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው በአፏ አይደለም፣ በቆዳዋ ትመጠዋለች፣ አየርም በቆዳዋ ትወስዳለች፣ ስለዚህ እጅህ ላይ ሎሽን፣ ሰንስክሪን ወይ ሳኒታይዘር ካለ እሱም አብሮ ይገባል። መንካት ካለብህ እጅህን በዚያው በጅረቱ ውሃ አርጥብና ንካ።

ምን ትበላለች?

ነፍሳት ነው፣ ፌንጣ፣ የእሳት ራት፣ ሸረሪት፣ ጉንዳን፣ ያገኘችውን። እሷን ደግሞ እባብና ወፍ ይበሏታል።

ቤት ወስጄ ላሳድጋት?

አይ፣ እባክህ አትውሰድ። ወንዱም ሴቷም የሚኖሩት የአፈሩን እርጥበትና የውሃውን ከፍታ በሚያውቁት ቦታ ነው፣ ጀሪካን ቆርጠህ በምታዘጋጅላት ውስጥ ብዙ አትቆይም። ሌላው ደሞ "ደህና ቦታ ልውሰዳት" ብሎ ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላ ወንዝ ማዛወርም ጥሩ ሐሳብ አይደለም፣ በሽታ ይዛ ትሄዳለች፣ የሚቀጥለውን አንብብ።

ጫማ እጠቡ የምትለው ለምንድነው?

ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ፣ በዓለም ላይ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያ የጨረሰ። የቆዳቸው ጠንከር ያለውን ክፍል ነው የሚያጠቃው፣ ቆዳው ውሃና ጨው መቆጣጠር ሲያቅተው በመጨረሻ ልባቸው ይቆማል። የኢትዮጵያ ደጋ እንቁራሪቶች ላይም መኖሩ ተረጋግጧል። በእርጥብ ጭቃ ከቦታ ቦታ ሊሄድ ስለሚችል፣ ቅዳሜ ሱባ ወጥተህ እሁድ እንጦጦ የምትሄድ ከሆነ ቦቲህን አጥበህ፣ ጭቃውን ከሶሉ አውጥተህ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀህ ሂድ። ማድረቁ ዋናው ነው፣ ፈንገሱ መድረቅ አይችልም።

ፎቶ ለሚያነሱ ልጆችም፣ ፍላሹን ዓይኗ ላይ አሥር ጊዜ አታብሩባት፣ ሁለት ሦስቴ አንሱና ተነሱ። እንዲያውም ድምፅ በሞባይል መቅዳት ከፎቶ የበለጠ ይጠቅማል፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን መጀመሪያ ላይ በአፋችሁ ተናገሩበት።

ባህር ዛፍ ውስጥ ትኖራለች?

ጥሩ ጥያቄ ነው ምክንያቱም የአዲስ አበባ ዙሪያ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባህር ዛፍ ነው፣ ሰው ደሞ አረንጓዴ ሲያይ ደን ነው ይላል። ባህር ዛፍ ሥር ግን ሄደህ ተቀመጥ፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም፣ ሐረጉና ቁጥቋጦው የለም። ማገዶም ማገርም የሆነን ዛፍ ነው፣ እኔም ግቢዬ ውስጥ አለኝ፣ ቁረጡት አልልም። ጅረት ዳር ድረስ ወስዳችሁ አትትከሉት ነው የምለው። ጅረት ዳር የሚተከል ከፈለጋችሁ የሀገር ዛፍ ትከሉ፣ ጥድም ዝግባም ኮሶም ይሆናል፣ ካልሆነም ምንም ሳትተክሉ የበቀለውን ቁጥቋጦ ብቻ ተዉት፣ በሁለትና ሦስት ክረምት ራሱ ይሸፍነዋል።

ሰፈራችን ያለውን ጅረት ልናፀዳና ዳሩን ልንገነባ ነው፣ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፣ ስለጠየቃችሁ በጣም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ሰው ከሠራ በኋላ ነው የሚጠይቀው።

ቆሻሻውን ልቀሙ፣ ፌስታሉንም ፕላስቲኩንም ጨርቁንም በእጅ። ሳሩንና ሐረጉን ግን አትጨዱ። ግንብ የግድ ካስፈለገ፣ ጎርፍ ቤት የሚበላበት ቦታ ላይ ብቻ ይሁን፣ ከላይ እስከ ታች ሁለቱንም ዳር አትድፈኑት። ሥራው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ይሁን፣ ዝናብ ከጀመረ በኋላ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ነው። ከብት ውሃ የሚጠጣበትን አንድ ቦታ መርጣችሁ ጠጠር አልብሱት፣ ሌላውን እሾህ ቁረጡና አጥሩት፣ ብዙ ወጪ የለውም፣ እኛ በግማሽ ቀን ነው የጨረስነው። ቱፎርዲም ሆነ ሌላ የአረም መድኃኒት የረጫችሁበትን መርጫ ጅረቱ ውስጥ አትለቅልቁ፣ የልብስ አረፋም ራቅ ብሎ መሬት ላይ ይደፋ።

ከኛ በታች ያለውን ጅረት በአንድ ክረምት መጀመሪያ ላይ ሎደር አምጥተው ዳሩን በሙሉ ገፈፉት። ማልጄ ስሄድ የተገለበጠው ጭቃ ውስጥ ቢጫ እንቁላሎች ተበትነው አየሁ፣ ከምስር ፍሬ ብዙም አያንሱም፣ ውስጣቸው የምትንቀሳቀስ ነገር አለች። ጎንበስ ብዬ የቻልኩትን ያህል ከነጭቃው በሳህን አነሳሁና ከፍ ብሎ ያልተነካው ዳር ላይ ቀበርኩት፣ ይሁን አይሁን ሳላውቅ። ያን ዓመትና በዓመቱ እዚያ ጋ አንድም ድምፅ አልነበረም።

ከዚያ ሰፈሩ ተሰብስቦ ተነጋገርን፣ አንደኛውን ዳር አጠርን፣ ወጣቶቹ በየሳምንቱ ፌስታል ይለቅማሉ፣ ሐረጉ ተመልሶ መጣ። ዘንድሮ ሐምሌ ውስጥ ካፊያ የነበረ ማታ ሦስት ወንዶች ቆጠርኩ፣ ሁለቱ ከታጠረው በኩል፣ አንዱ ደግሞ ከወዲያኛው ዳር፣ ግንድ ሥር።